አባቴን ፈረስ ላሳያቸው ብዬ ነበር፤ ግን ከየት ሆነው ያያሉ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አንባቢዎች። ይህን ዓምድ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነቡ ካላችሁ፣ እኔ እዚህ አሜሪካ በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳዎች ላይ ለ11 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ፓርኪንግ ላይ ነበርኩ። ኋላ ትሪቡን፣ ማለትም ተመልካቹ የሚቀመጥበት ሕንፃ ውስጥ፣ ቡናና ሳንድዊች ሸጥኩ። ስለ ፈረስ የጻፍኩት አንድ ሰሞን ነው፤ ደብዳቤው ግን እስካሁን አላቆመም። ዛሬ ሦስቱን እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ይገባዋልም።

*

«ጋሼ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ከእንጅባራ መጥተው እኔ ጋ ናቸው። 81 ዓመታቸው ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ ፈረሰኛ ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላለ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሚያልፍ መኪና ያያሉ። ፈረስ ላሳያቸው ብዬ ባልቲሞር ያለውን ፒምሊኮን ስጠይቅ ፈርሷል አሉኝ። ሌላውም ሜዳ አሮጌ ነው፣ ሊፍቱ አይታመንም፣ ትርፉ ድካም ነው የሚሉኝ አሉ። ቁማር ቤት ሽማግሌ ይዘሽ ትሄጃለሽ ወይ ብለው የተቆጡኝም አሉ። ብንሄድስ ከየት ሆነው ያያሉ? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ውሰጃቸው። መጀመሪያ ይህን ልበልሽ።

አባትሽ ከእንጅባራ ከሆኑ ፈረስ ለሳቸው ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳሽ አይችልም። የአገው ፈረሰኞች ማህበር የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ ሲወጣ ሜዳው ላይ ትሪቡን የለም፣ ትኬት የለም። ሰው ዙሪያውን ይቆማል። የአቧራው ሽታ፣ የኮቴው ድምፅ፣ ሁሉም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። እኔም ያደግሁት ስድስት ኪሎ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ጃንሜዳ ፈረስ ሲጋለብ እኛ ልጆች ከሰው እግር መሀል ሾልከን ነበር የምናየው። ስለዚህ «ከየት ሆነው ያያሉ?» የሚለው ጥያቄሽ ለኔ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ፒምሊኮ ፈርሷል ያሉሽ እውነታቸውን ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1870 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው። በአሜሪካ ከኒው ዮርኩ ሳራቶጋ ቀጥሎ በዕድሜ ሁለተኛው የእሽቅድምድም ሜዳ ነው። መሀል ሜዳው ላይ ጉብታ ስለነበረ ሰው «ኦልድ ሂልቶፕ» ይለዋል፣ አሮጌው ኮረብታ እንደማለት። አሠልጣኙም ተመልካቹም እዚያች ጉብታ ላይ ወጥቶ ነበር የሚያየው። በ1938 ግን ጉብታዋን ደለደሏት። ለምን? ትሪቡን ላይ የተቀመጠው ሰው ፈረሶቹ ማዶ ሲደርሱ እየከለለችው ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሲቢስኪት የሚባለው ፈረስ ዋር አድሚራልን የቀደመው እዚያ ነው። ወደ 40,000 ሰው ነበር ያየው። አየሽ፣ ያኔ ሜዳ የሚታረሰውም የሚደለደለውም ተመልካች እንዲያይ ተብሎ ነበር።

በ2019 ምን ሆነ? መሐንዲሶች የድሮውን ትሪቡን መርምረው ክብደት አይችልም አሉ። ወደ 6,700 የሚጠጉ መቀመጫዎች ተዘጉ። ያ ክፍል የተራው ሰው ቦታ ነበር። አዲስ አበባ ስታዲየም የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጥላ ፎቁ ሳይነካ ካታንጋ ቢዘጋ ማለት ነው። በማግሥቱ የባለ ገንዘቡ ድንኳን እንደ ድሮው ተተከለ። ካታንጋው ግን ተቆልፎ ቀረ።

ፕሪክነስ የሚባለው ትልቁ ዓመታዊ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ በአሮጌው ፒምሊኮ የተካሄደው በግንቦት 2025 ነው። ጆርናሊዝም የሚባል ፈረስ አሸነፈ። እዚያ አንድ የምወደው ልማድ አለ። አሸናፊው እንደታወቀ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ይወጣና፣ ጉልላቱ ላይ ያለውን የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ፈረስና ጋላቢ በአሸናፊው ባለቤት መለያ ቀለም ይቀባዋል። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሆኖ ይቆያል። ጉልላቱ የነበረበት የድሮው ክለብ ቤት በ1966 ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲህ ሲቀባ የኖረው በአምሳያው ላይ ነው። ፈረሳ የተጀመረው በዚያው በ2025 በጋ ነው። የሜሪላንድ ክልል ሜዳውን ተረክቦ በ400 ሚሊዮን ዶላር እንደገና ሊሠራው በ2024 ሕግ አውጥቷል። ሥራው እስኪያልቅ ፕሪክነስ ላውረል ፓርክ ወደሚባለው ሌላው የሜሪላንድ ሜዳ ዞሯል፤ በ2027 ይመለሳል የሚል ነው ዕቅዱ።

አባትሽን ግን ለፕሪክነስ አትውሰጃቸው። ቀኑ የወጣቶች ነው። በ2017 ብቻ 140,000 ሰው ገብቶ ነበር። ዊልቸር በዚያ ሰው መሀል መግፋት አባትሽንም አንቺንም ይጎዳል። ተራ ቀን ምረጪ። ላውረል ከናንተ ቤት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እሱም ሽማግሌ ነው፤ ከ1911 ጀምሮ አለ። ሰው በማይበዛበት ቀን ግን ፈረሱ ዘጠኝም ይሁን አሥር፣ ከነጩ አጥር አንድ እርምጃ ላይ ሆነሽ ታይዋለሽ። ውድድር ያለበትን ቀን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

አሁን ወደ ሊፍቱ ልምጣ። የነገሩሽ ሰዎች አልዋሹም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሜዳ ላይ ስሠራ ያጋጠመኝን ልንገርሽ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰውዬ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚስታቸው ጋር ሁለተኛ ፎቅ መጥተው ሾርባ ያዙኛል። አንድ ቀን ስምንተኛው ውድድር ላይ ሊፍቱ ቆመ። ጠጋኝ እየመጣ ነው ተባለ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ የለም። አዳራሹ ባዶ ሆነ። ጠራጊዎቹ መጡ። ሰውየው ሽንት ቤት ጠየቁ፤ የዊልቸሩ ሽንት ቤት ያለው ታች ነው። በመጨረሻ እኔና ሁለት ጠራጊዎች ከነወንበራቸው ተሸክመን በደረጃ አወረድናቸው። እየወረድን ሳለ እጃቸው የኔን ሸሚዝ አንገት ጨብጦ ነበር። ሦስት ሰው ተሸክሟቸውም ይንቀጠቀጡ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። የተቀመጡባት ቦታ ፊት ለፊቴ ስለነበረች እስካሁን ትታየኛለች።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ደውይና ጠይቂ። «ለዊልቸር ቦታ አላችሁ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊው፤ አለን ይሉሻል። ቦታው ምድር ላይ ነው ወይስ ፎቅ ላይ በይ። ፎቅ ከሆነ ሊፍቱ ዛሬ ይሠራል ወይ፣ ስንት ሊፍት ነው ያላችሁ በይ። አንድ ብቻ ከሆነ ምድር ቤት ይሻላል። የዊልቸር ሽንት ቤቱ ከመቀመጫው ምን ያህል ይርቃል፣ በዚያው ፎቅ ነው ወይ በይ። ደግሞ ፊት ያለው ሰው ሲቆም አባቴ ያያሉ ወይ በይ። ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው። ፈረሶቹ ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ አንድም ሰው ተቀምጦ አይቀርም። ሁሉም ይነሳል። ለአርባ ደቂቃ ጠብቀው የሰው ጀርባ ካዩ ምን ጥቅም አለው?

መብትሽንም እወቂ። የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አለ። በሱ ሥር በወጣው ደንብ መሠረት በዊልቸር ለሚመጣ ሰው የሚሸጠው ትኬት በዚያው ክፍል ካለው የሌላ ሰው ትኬት ሊወደድ አይችልም። ቦታ እስካለ ድረስ አጠገባቸው እስከ 3 ሰው የመቀመጥ መብት አለው። ስለዚህ አንቺም ልጆችሽም አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። አዲስ በሚሠራ ትሪቡን ደግሞ ሰው የሚቆምበት ውድድር ከሆነ፣ ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ከቆሙት በላይ አሻግሮ እንዲያይ ተደርጎ መሠራት አለበት። ቤቱ ያረጀ ነው ማለት ከሕጉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ያለ ብዙ ወጪና ያለ ብዙ ችግር ሊነሳ የሚችል መሰናክል መነሳት አለበት። የተሰበረ መወጣጫ፣ የማይከፈት ሰፊ በር፣ ዕቃ የተከመረበት የዊልቸር ቦታ፣ እነዚህ «ቤቱ አሮጌ ነው» የሚባልባቸው አይደሉም። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለዊልቸር የተተወችው ቦታ የቆሻሻ በርሜል ማቆሚያ ትሆናለች። እንደዚያ ካገኘሽ በትህትና ኃላፊውን ጥሪልኝ በይ። ያነሱታል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን፣ ለአባትሽ ምርጡ ቦታ ትሪቡኑ አይደለም። ፓዶኩ ነው። ፓዶክ የሚሉት ፈረሶቹ ከውድድሩ በፊት ኮርቻ የሚጫኑበትና ዙሪያውን የሚዞሩበት ቦታ ነው። ሃያ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። መሬቱ ብዙውን ጊዜ ደልዳላ ነው፤ ዊልቸር ይጠጋል። ብርድ ካለ ከፈረሱ አፍንጫ እንፋሎት ሲወጣ ታያላችሁ። ጠባቂው ልጓሙን ይዞ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ዳማው ጆሮውን ቀስሮ ያልፋል። ቦራው አንገቱን ይሰብቃል። ሌላው ገና ሳይሮጥ ብብቱ በላብ አረፋ ነጭ ሆኗል። አሠልጣኙ ጋላቢውን በአንድ እጁ ከቁርጭምጭሚቱ ያዝ አድርጎ ወደ ኮርቻው ያነሳዋል። እርካቡ እንዴት እንዳጠረ አባትሽ ሳይደነቁ አይቀሩም፤ በኛ አገር ባለ እርካብ እንደዚያ አይቀመጥም። ከዚያ መለከት ይነፋል። ቀይ ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ የሚነፋበት ሜዳ አለ። እሳቸው ያኔ ወንበራቸው ላይ ቀና ቢሉ አትገረሚ።

አንድ ነገር አድርጊ። «አባባ፣ የትኛው ያሸንፋል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የውርርድ መስኮቱ ላይ ተሰልፎ ወረቀት የሚያነበው ሰው ሁሉ የማያየውን እሳቸው ያያሉ።

ቁማሩን በተመለከተ የተቆጡሽን ሰዎች አልነቅፋቸውም። ውርርድ ቤት ያፈረሰውን የኛን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እዚያ የሚወራረደው ገንዘብ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ከመቶው ከ15 እስከ 25 የሚሆነው ለሜዳው፣ ለሽልማቱና ለመንግሥት ይቀነሳል፤ የቀረው ነው ለአሸናፊ የሚከፈለው። ቀኑን ሙሉ ለሚወራረድ ሰው ሒሳቡ ያው ነው፤ ይከስራል። ግን ማንም መወራረድ አለብሽ አይልሽም። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ ሰባራ ሳንቲም አላስያዝኩም። ፈረስ ማየት ኃጢአት አይደለም። ካሜራሽ እንዳይበራ አጥፊው፤ ብልጭታ ፈረስ ያስደነግጣል። ጋቢ ያዢላቸው። ሰፊው ትሪቡን ሥር የሚያልፈው ነፋስ በግንቦትም ይበርዳል።

*

«ኦክላንድ ነው የምኖረው። ታክሲ በምነዳበት ዘመን በርክሌይ አጠገብ ወዳለው ጎልደን ጌት ፊልድስ ብዙ ሰው አድርሻለሁ። ቆሜም አይቻለሁ። አሁን ተዘጋ። ሳይጠግኑት ስላስረጁት ነው ይላሉ። አሳምረው ቢያድሱት ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ወንድሜ፣ ብዙም አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ጎልደን ጌት ፊልድስ የተከፈተው በ1941 ነው፤ የመጨረሻው ውድድር የተሮጠው በሰኔ 2024። ያረጀ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ቺካጎ አጠገብ ያለውን አርሊንግተንን አስብ። ትሪቡኑ በ1985 ተቃጠለ። በ1989 እንደገና ሲሠራ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ያማረ ነው ተባለለት። ንጹህ፣ ሰፊ፣ አበባ በአበባ። እሱም በ2021 ተዘጋ። ቦታውን የቺካጎ ቤርስ የእግር ኳስ ቡድን በ197.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ስለዚህ ቁንጅና ብቻውን አላዳነውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ለመወራረድ ሰው በእግሩ መምጣት ነበረበት። ሲመጣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፓርኪንግ ይከፍላል። በኋላ ሎተሪ መጣ፣ ካሲኖ መጣ። ከ1978ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ ሌላ ክልል ሆኖ መወራረድ ተቻለ። ዛሬ ሰው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ያስይዛል። ሜዳው ላይ ሆኖ ከሚወራረድ ሰው ለሜዳው የሚደርሰው ከፍ ያለ ነው፤ በስልክ ከሚወራረደው አብዛኛውን የሚወስደው ተቀባዩ ኩባንያ ነው። ግን ሰው በስልክ ሆነ። ታዲያ ባለቤቱ 20,000 ሰው የሚይዝ ትሪቡን ለ800 ሰው ብሎ ጣሪያ ይቀይራል? አይቀይርም። ጣሪያው ያፈሳል። ጣሪያው ስላፈሰሰ ደግሞ 800ው ሰው 500 ይሆናል። እኔ የሾርባ ድስቱን ከሁለት ወደ አንድ የቀነስኩት በዚያ ዓይነት ዘመን ነው።

መሬቱም አለ። እነዚህ ሜዳዎች ሲሠሩ ከከተማ ውጭ ነበሩ። ከተማው ሄዶ ከበባቸው። ያንተው ደግሞ ባሕረ ሰላጤው ዳር ላይ ነው፤ ዋጋውን አንተው ታውቀዋለህ።

የኒው ዮርኩን ቤልሞንትን ግን ተከታተል። የ1968ቱን ግዙፍ ትሪቡን አፍርሰው በጣም ያነሰ እየሠሩ ነው። ለዚህ ሲባል የ2024ና የ2025 ቤልሞንት ስቴክስ የሚባለው ትልቁ ውድድራቸው ሳራቶጋ ላይ ተሮጠ። መተላለፊያ ዋሻም ቆፍረዋል፤ ተራው ተመልካች በመሮጫው ሥር አልፎ መሀል ሜዳው ላይ እንዲወጣ። ትሪቡን ማነሱ አያሳዝነኝም። ባዶ ወንበር ለማንም አይጠቅምም። የሚያሳስበኝ፣ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማን ቦታ ነው የሚለው ነው። ብዙ አዲስ ንድፍ ላይ የመስታወት ክፍሉና ጠረጴዛው በግልጽ ተሥሎ አያለሁ። የ5 ዶላር ሰው የሚቆምባትን ቦታ ግን ፈልጌ አጣታለሁ። መሀል ሜዳውን የከፈተ ሰው ቢያንስ አስቦበታል። የፒምሊኮ ሰዎችም ያችን ጉብታ ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። አጥሩ ሥር ደልዳላ መሬት፣ ጥቂት ጥላ፣ ቅርብ ሽንት ቤት፣ ሁለት የሚሠራ ሊፍት። 400 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ይህ ትንሹ ነው።

*

«ዱባይ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለኝ። ሜይዳን የሚባለውን የፈረስ ሜዳ ከመንገድ ላይ ሳየው እንደ ቤተ መንግሥት ነው። እንደኛ ዓይነቱን ሰው ያስገባሉ?»

ያስገባሉ፣ እህቴ። አትፍሪ። ሜይዳን የተከፈተው በ2010 ነው። ትሪቡኑ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ 60,000 ሰው ይይዛል። ላይ ላዩ የሀብታም ቦታ ነው። በተራ የውድድር ምሽቶች ግን በነጻ የሚገባበት ክፍል አለ፤ እሱም ታች፣ ለመሮጫው ቅርብ ነው። ትልቁ ውድድር፣ የዱባይ ወርልድ ካፕ፣ በሚደረግበት ዕለት ግን ትኬት ያስፈልጋል። እዚያ አገር ውርርድ ለረጅም ጊዜ በሕግ ክልክል ነበር፤ ፈረስ ለማየት ደግሞ መወራረድ ግዴታ አይደለምና ስለሱ ሐሳብ አይግባሽ።

በሙቀቱ ወራት ውድድር የለም፤ ከኅዳር በኋላ ጠይቂ። ሜትሮው እስከ በሩ አያደርስም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ታክሲ ተካፈሉ። ውድድሩ የሚያልቀው መሽቶ ስለሆነ፣ የዕረፍት ቀንሽ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ ከእመቤትሽ ጋር ተነጋግረሽ ውጪ። ሰዓት ካጠረሽ የመጨረሻውን ውድድር ተይው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፓዶኩ ዳር ቆመሽ እዪ።